የገና ደብተርና የትምህርት ቤቱ መስኮት

(በማኅበራችን የገና በዓል ዋዜማ ስብሰባ ላይ፣ አዲስ አበባ፣ ልደታ፣ ታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የተሰጠ ንግግር)



በዕድሜም ሆነ በሥራ ልምድ ከእኔ የሚበልጡ ብዙ አባቶችና ታላላቅ ወንድሞች በተቀመጡበት ጉባኤ፣ በበዓል ዋዜማ ንግግር እንዳደርግ መታዘዜ አስደስቶኛል፤ አስፈርቶኛልም። ኮሚቴው ርእሱን ሲሰጠኝ «ስለ ገናና ስለ ትምህርት አንድ ነገር በልልን፤ ኮንክሪቱ ለዛሬ ይቅር» ብሎኝ ነበር። ቃሌን ለመጠበቅ እሞክራለሁ። ሆኖም ወደ መጨረሻው ገደማ ስለ አንድ የፍሳሽ ቧንቧ ጥቂት መናገሬ የማይቀር ስለሆነ ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

የተሰበሰብንበት ሰፈር ልደታ ይባላል። ስሙን ያገኘው ከልደታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ይኸውም የእመቤታችን የልደቷ መታሰቢያ ሲሆን በዓሉ የሚውለው ግንቦት 1 ቀን ነው። እኛ ደግሞ ዛሬ የልጇን ልደት ዋዜማ ለማክበር በእናትየው ስም በተሰየመ ሰፈር ተሰብስበናል። በዛሬው ዘመን ልደታ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ፍርድ ቤቱ ነው፤ ለሽማግሌዎቻችን ትዝ የሚላቸው ደግሞ ቦሌ ከመከፈቱ በፊት አውሮፕላን ይነሣበትና ያርፍበት የነበረው ሜዳ ነው። ለእኔ ግን ልደታ የተወለድሁበት፣ ፊደል የቆጠርሁበትና አንድ የተሰበረ መስኮት ለብዙ ዓመት የተመለከትሁበት ስፍራ ነው። ስለዚያ መስኮት ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

አባቶቻችን ሲተርኩ፣ እረኞቹ የጌታን መወለድ በሰሙ ጊዜ ከደስታቸው ብዛት የተነሣ በያዙት በትር ሩር መምታት ጀመሩ፤ የገና ጨዋታም ከዚያ መጣ ይላሉ። በዚህ ጨዋታ ሜዳ ላይ ጌታና ሎሌ እኩል ይሆኑ እንደ ነበር ሁላችንም እየሰማን አድገናል። ሎሌው የጌታውን ቅልጥም በዱላ ቢያገኘው ጌታው አይቆጣም፤ ቢቆጣም የሚስቀው ተመልካች ይበዛበታል። በማግስቱ ግን ጌታው ያው ጌታ፣ ሎሌውም ያው ሎሌ ነበር። ጨዋታውን የሚያደንቁ ሰዎች ስለዚያች አንድ ቀን አብዝተው ይናገራሉ፤ እኔን ግን ከልጅነቴ ጀምሮ የሚያሳስበኝ ማግስቱ ነው።

እኛም በማኅበራችን የአንድ ቀን ልማድ አለን። በየዓመቱ ገና ሲቃረብ ገንዘብ አዋጥተን ደብተር፣ እስክርቢቶና አንዳንድ ጊዜም ጫማ ገዝተን ወደ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት እንሄዳለን። ይህን ልማድ ለማቃለል አልተነሣሁም፤ አምስት ጊዜ ያህል አብሬ ሄጃለሁና ራሴን ማቃለል ይሆንብኛል። ባለፈው ዓመት የሄድነው እዚሁ ልደታ ወደሚገኝ ትምህርት ቤት ነበር። ልጆቹ በፀሐይ ተሰልፈው ጠበቁን፤ ደብተሩን አስረከብን፤ ፎቶግራፍ ተነሣን። ሰብአ ሰገል ወርቅ፣ ዕጣንና ከርቤ ካበረከቱ በኋላ በሌላ መንገድ ወደ አገራቸው ተመለሱ ተብሎ እንደ ተጻፈ፣ እኛም ወደ መኪኖቻችን ልንመለስ ስንል ርእሰ መምህርቷ እጃቸውን አንሥተው አስቆሙን።

«እግዚአብሔር ይስጥልን፤ ደብተሩ መልካም ነው» አሉ። «ደብተርስ ከተማውም ይሰጠናል። አንድ ነገር ግን ልጠይቃችሁ። ከእናንተ መካከል ፕላን ማንበብ የሚችል ሰው ይኖራል?»

ክቡራን ሆይ፣ በዚያ ግቢ ውስጥ የቆምነው አሥራ ሦስት መሐንዲሶች ነበርን። አንዳንዶቻችን ሳቅን። እርሳቸው ግን አልሳቁም። አዲስ መጸዳጃ ቤት እየተሠራ መሆኑን፣ ተቋራጩ የመጨረሻ ክፍያ እየጠየቀ መሆኑን፣ የወላጅ ኮሚቴው ደግሞ ሥራው መልካም ነው ብሎ እንዲፈርም ወረቀት መቅረቡን ነገሩን። «ኮሚቴው ቅን ነው፤ ነገር ግን ከወላጆቻችን መካከል ዛሬ ፕላን የሚያነብ የለም። ዱሮ ነበሩ» አሉ።

«ዱሮ ነበሩ» ያሏት ቃል እቤቴ ድረስ ተከተለችኝ። ዱሮውን የማውቀው ሰው ነኝና።

አንደኛ ክፍል የገባሁት በ1986 ዓ.ም. ነው፤ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲው የወጣበት ዓመት ማለት ነው። አባቴ የአንድ መሥሪያ ቤት ዘበኛ ነበር። የምንማረው በፈረቃ ሲሆን አንድ ሳምንት ጠዋት፣ አንድ ሳምንት ከሰዓት በኋላ እንገባለን። በአንድ ዴስክ ሦስት አንዳንዴም አራት ሆነን እንቀመጣለን፤ አስተማሪያችን ስም ጠርተው ሲጨርሱ የክፍለ ጊዜው ሩብ ያልቅ ነበር። ከእኔ በስተቀኝ የሚቀመጠው ልጅ አባቱ በባንክ ትልቅ ኃላፊ ነበሩ። እኔና እርሱ አንድ ላጲስ ለሁለት ቆርጠን እንጠቀም ነበር፤ ላጲሱ የማን እንደ ነበር ለመገመት አይከብድም። በአጠገባችን ያለው መስኮት መስታወቱ ተሰብሮ በክረምት ዝናቡ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ብርዱ በቀጥታ እኛ ላይ ይወርድ ነበር። በሦስተኛ ክፍል ሳለን ይህ ጓደኛዬ ሳንባው ታመመና ሁለት ሳምንት ቀረ። አባቱ በሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ ላይ ተገኙ። ምን እንደ ተናገሩ አልሰማሁም፤ ከዚያ በኋላ ግን በዐሥር ቀን ውስጥ የክፍሉ መስኮት ሁሉ መስታወት ገባለት።

አስተውሉልኝ፤ እኒያ ሰው ለእኔ አዝነው አልነበረም። ስሜንም አያውቁትም ነበር። የተከራከሩት ለልጃቸው ሳንባ ነው። መስታወቱ ግን የእኔንም ብርድ ከለከለ፤ ከኋላችን የሚቀመጠውን የሊስትሮውን ልጅም ብርድ ከለከለ። ማንም አላመሰገናቸውም፤ ማንም ተሰልፎ አልጠበቃቸውም፤ ፎቶግራፍም አልተነሣም። ከዚያ ወዲህ የተለያዩ ሰዎች ብዙ ቸርነት አድርገውልኛል፤ የእኒያን ሰው የሚያህል ግን ተደርጎልኛል ለማለት አልደፍርም፤ እርሳቸው ሳያውቁት ያደረጉት ነውና።

ጓደኛዬ አምስተኛ ክፍል ሲደርስ ወደ ግል ትምህርት ቤት ተዛወረ። በዚያው ዓመት ሌሎችም ሄዱ፤ የነርሷ ልጅ፣ የመርካቶው ነጋዴ ሁለት ልጆች። በስድስተኛ ክፍል ያው መስኮት በኳስ ተሰበረ። ስምንተኛ ክፍልን ጨርሼ ስወጣ ቀዳዳው በካርቶን ተሸፍኖ ነበር። እናቴ ወደ ስብሰባ ትሄድ ነበር፤ ነገር ግን ነጠላዋን አስተካክላ ከኋላ ወንበር ትቀመጣለች፤ የተባለውን ሁሉ አሜን ብላ ትመጣለች። ስለ ምን አልተናገርሽም ብላት «ልጄ፣ በነፃ ለሚያስተምሩህ ሰዎች ምን ብዬ ልናገር?» ትለኝ ነበር።

ከዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ላድርግ። የዱሮው የመንግሥት ትምህርት ቤት የእኩልነት ገነት ነበር ማለቴ እንዳይመስላችሁ። በ1900 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት በቅድሚያ የተፈለጉት የመኳንንቱ ልጆች ነበሩ። ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትም በ1917 ዓ.ም. ሲከፈት ነገሩ ከዚህ ብዙ አልራቀም። ከጠላት ወረራ በኋላም ቢሆን እጅግ ባለጸጋ የሆነው ሰው ልጁን ወደ ሊሴ ገብረ ማርያም ወይም ወደ እንግሊዝ ትምህርት ቤት መላኩን አልተወም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ትምህርት ቤቱ የከተማ ነበር። በ1953 ዓ.ም. የአፍሪካ መንግሥታት የትምህርት ጉባኤ እዚሁ አዲስ አበባ ሲሰበሰብ፣ አስተናጋጇ አገራችን በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ስፋት ከአህጉሩ ወደ መጨረሻው ከተሰለፉት መካከል ሆና መገኘቷ ብዙ ሰው አሳፍሯል። የገበሬው ልጅ ዴስክ ከማን ጋር ተካፍሎ ያውቃል? እርሱ ዴስኩንም አላየው።

ሆኖም የትምህርትና የቸርነት ነገር በእኛ አገር የተጀመረው በዘመናዊ ትምህርት ቤት አይደለም። የቆሎ ተማሪውን አስቡት። ቅኔ ሊማር ከጎጃም ጎንደር፣ ከሸዋ ጎጃም የሚሄደው ልጅ በጀቱ አኮፋዳው ነበር። ደበሎውን ለብሶ፣ ውሻ እየተከላከለ፣ በየደጁ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ቁራሽ ይለምናል፤ የለመነውንም ከጓደኞቹ ጋር ይበላል። እጅግ የሚያስደንቀው ግን ቤታቸው የሞላ ሰዎች ልጆችም ቢሆኑ ወደ ጉባኤ ቤት ከገቡ በኋላ እንደ ሌላው ለምነው መብላታቸው ነው። ሰጪውም ለተማሪው አዝኖ ብቻ አይሰጥም፤ ነገ የራሱ ልጅ በሌላ መንደር ደጅ እንደሚቆም ያውቃል። መንደሩ ሁሉ ለሌላው መንደር ልጅ ይጋግር ነበር ማለት ነው። ይህን ሥርዓት ድህነት ብቻ ነው ብሎ ማለፍ ስሕተት ይመስለኛል፤ አንድ ዓይነት ግብር ነበር፤ ቀረጥ ሰብሳቢው ደግሞ ራሱ ልጁ ነበር። (በነገራችን ላይ፣ የዛሬው ገቢዎች መሥሪያ ቤት በዚያ ልጅ ትዕግሥት ቢሰበስብ ማናችንም ባላማረርን!)

ከዚያ በኋላም ቢሆን የተማረው ሰው ላልተማረው ያለበትን ዕዳ በሥርዓት ለማስከፈል የተሞከረባቸው ጊዜያት አሉ። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እየሄደ እንዲያገለግል ያዝዝ ነበር፤ አብዛኞቹም ያገለገሉት በአስተማሪነት ነው። በዚህ አዳራሽ ካሉት አባቶች መካከል ያን ዓመት የፈጸሙ እንዳሉ አውቃለሁ፤ ሲያወሩት ፊታቸው ይበራል። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ደግሞ በ15 ቋንቋዎች እስከ መካሄድ ደርሶ ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኝቷል፤ በውስጡ የነበረውን ግዳጅና የዘመኑን መከራ ግን ሳንረሳ ነው። ወደ ሙያችን ስንመጣ፣ እዚሁ ልደታ በ1940ዎቹ በኢትዮጵያና በስዊድን ትብብር የተቋቋመው የሕንፃ ኮሌጅ አለ። ከስዊድን ጋር የነበረው ትብብር በ1950ዎቹ መጨረሻ ወደ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግንባታ ተስፋፍቶ በገጠሩ በሺዎች የሚቆጠሩ የመማሪያ ክፍሎች ተሠሩ። ከዚያ ሥራ እኔን የሚማርከኝ ንድፉ ብቻ አይደለም፤ የአገሬው ሰው ገንዘብም ጉልበትም ማዋጣቱ ነው። ድንጋይ ያጓጓዘ ገበሬ ግድግዳው ቢሰነጠቅ ዝም አይልም። የእኔ ነው ይላል።

የዛሬው ችግር ታዲያ ምንድን ነው? በእኔ አስተያየት ችግሩ ድሃው ከቶ የተረሳ መሆኑ አይደለም። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ለመንግሥት ትምህርት ቤት ልጆች ደንብ ልብስና ደብተር፣ ቁርስና ምሳ ያቀርባል። በልጅነቴ በባዶ ሆዱ መጥቶ ከሰልፍ ላይ የሚወድቅ ልጅ ስንት ጊዜ እንዳየሁ የማውቅ ሰው ይህን ነገር እንደ ትንሽ ነገር አላየውም። በፊንላንድ፣ አገሪቱ ገና ከጦርነት ማግስት ድኻ ሳለች፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1948 ምሳ ለተማሪ ሁሉ በነፃ እንዲሰጥ ተደርጓል። ይህን የምጠቅሰው ግን ስለ ምሳው ሳይሆን በማዕዱ ዙሪያ ስለ ተቀመጡት ልጆች ነው። በእነርሱ ዘንድ የፋብሪካ ባለቤቱም ልጅ፣ የጽዳት ሠራተኛዋም ልጅ ያንኑ ሾርባ ይጠጣሉ። ሾርባው ከቀጠነ በማግስቱ ስልክ የሚደውል ወላጅ አለ። በእኛ ከተማ ግን ስልክ መደወል የሚያውቀው ወላጅ ልጁን ወደ ሌላ ግቢ ወስዶታል።

ይህ መለያየት በትምህርት ቤት ብቻ አልቆመም። የቀድሞዋ አዲስ አበባ በየመኳንንቱ ሰፈር ዙሪያ የተቆረቆረች ስለ ነበረች የሀብታሙ ቪላና የድኻው ጭቃ ቤት አጥር ለአጥር ይጠጋጉ ነበር። ከውበት አንጻር ብዙ ይወቀስ ይሆናል፤ ነገር ግን አንድ ቀበሌ አንድ ትምህርት ቤት ሲኖረው፣ ባለ ቪላውም ባለ ጭቃውም በዚያው ይገናኙ ነበር። በ2000ዎቹ መጀመሪያ አሮጌው ልደታ ፈርሶ እነዚህ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሲሠሩ እኔ ገና ተማሪ ነበርሁ፤ በሙያዬ ደስ ብሎኝ ተመለከትሁት፤ በልጅነቴ ደግሞ አዘንሁ። ሁለቱም ስሜት እስከ ዛሬ አልታረቁልኝም።

ውጤቱንም በቁጥር አይተነዋል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ተማሪዎች ከየትምህርት ቤታቸው ወጥተው በየዩኒቨርሲቲው ግቢ እንዲፈተኑ ሲደረግ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ፤ በተከታዩ ዓመት 3.2 በመቶ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በእያንዳንዳቸው ከ1,000 የሚበልጡ ትምህርት ቤቶች አንድ ተማሪ እንኳ አላሳለፉም። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ልጆቹን ወቀሰ፤ ሌላው አስተማሪውን ወቀሰ፤ ኩረጃውንም ወቀሰ። እኛ መሐንዲሶች ግን አንድ ሕንፃ ሲሰነጠቅ ተከራዩን አንወቅስም። ጭነቱን እናሰላለን፤ መሠረቱን እንቆፍራለን። ይህም ስንጥቅ በአንድ ቀን የመጣ እንዳልሆነ እናውቃለን፤ ፈተናው ልስኑን አነሣው እንጂ ስንጥቁን አልፈጠረውም።

አሁን ወደ ቧንቧው ልምጣ።

ከዚያ ጉብኝት በኋላ፣ የባለፈው ዓመት ጥምቀት እንዳለፈ፣ ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋር ቅዳሜ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድን። ርእሰ መምህርቷ ፕላኑን ከመሳቢያ አወጡልን፤ ማንም ያልዘረጋው መሆኑ ከእጥፋቱ ይታወቅ ነበር። ግድግዳው ቱንቢውን የጠበቀ፣ ሴራሚኩም ደኅና ነበር። ከዚያ ከመጸዳጃው እስከ ሴፕቲክ ታንኩ የተዘረጋውን ባለ 110 ሚሊሜትር ቧንቧ በሁለት ቦታ አስቆፈርን። ርዝመቱ 18 ሜትር ነው። መሣሪያ አልያዝንም ነበርና ውኃ የሞላ ግልጽ ቱቦ ዘርግተን ልኩን አነጻጸርነው። በፕላኑ መሠረት ቢያንስ 18 ሳንቲሜትር ዝቅ ማለት የነበረበት ቧንቧ ዝቅ ያለው 4 ሳንቲሜትር ብቻ ነበር። እንግዲህ እናንተ ፊት ምን ያስረዳል! ታንኩ ከተቆፈረ በኋላ ዓለት ስላጋጠማቸው በሚገባው ጥልቀት አላኖሩትም፤ ስለዚህ ቧንቧውን አጋደሙት። ሥራው ቢፈረም ኖሮ በሦስት ወር ውስጥ ይደፈን ነበር።

ከዚህም የከፋ ነገር አገኘን፤ ይህኛው ግን የተቋራጩ ጥፋት አልነበረም። የመቀመጫው ቁጥርና የታንኩ መጠን የተሰላው በፈረቃ ለሚማር፣ ግማሽ ቀን ብቻ ግቢ ውስጥ ለሚቆይ ተማሪ ነው። ልጆቹ ግን ዛሬ ቁርስም ምሳም የሚበሉት በግቢው ነው፤ ከማለዳ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይውላሉ። ቸርነቱ ያመጣውን ጭነት ማንም አላሰላውም ማለት ነው። ትልልቆቹ ሴቶች ልጆች ወረፋውንና የማይዘጋውን በር እየፈሩ ከምሳ በኋላ ወደ ቤት ሄደው እንደማይመለሱ አንዲት መምህርት ነገሩን። እኔ በሥራዬ የብዙ ሚሊዮን ብር ሕንፃ ስሌት ፈርሜአለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን የራሴ ሙያ ለምን እንደሚያገለግል ገብቶኝ አያውቅም።

የሆነውን ሳላሰፋ ልንገራችሁ። ኮሚቴው አልፈረመም። እኛም አንድ ገጽ ተኩል ደብዳቤ ጻፍንላቸው። ተቋራጩ ተቆጣ፤ ሦስት ጊዜ ተሰበሰብን፤ በሁለተኛው ስብሰባ ላይ «እናንተ የዚህ ትምህርት ቤት ወላጆች ናችሁ?» ብሎ ጠየቀን። ጥያቄው ልክ ነበር። መልስ የሰጡት ርእሰ መምህርቷ ሲሆኑ «ጎረቤት ናቸው» አሉ። በመጨረሻ ዓለቱ ተሰበረ፤ ታንኩ ዝቅ ብሎ እንደ ገና ተሠራ፤ ቧንቧው ተዘረጋ፤ አራት መቀመጫም ተጨመረ። የእኔና የባልደረባዬ ድርሻ በድምሩ አምስት የቅዳሜ ጠዋቶች ነው። በገንዘብ ሲተመን ከደብተሩ ያንሳል።

ከእናንተ መካከል በልቡ «ይህ ሰው ልጆቹን የት ያስተምራል?» የሚል እንዳለ አውቃለሁ። ሴት ልጄ ሦስተኛ ክፍል ናት፤ የምትማረውም በግል ትምህርት ቤት ነው። በየወሩ የምከፍለው አባቴ በዓመት ያገኝ ከነበረው ይበልጣል። ባለቤቴና እኔ ስለዚህ ነገር ብዙ ሌሊት ተነጋግረናል። አንድ ክፍል ውስጥ የተማሪው ቁጥር ስንት እንደሆነ፣ የሳይንስ መምህር በዓመቱ አጋማሽ ሲለቅ ምትኩ በስንት ወር እንደሚመጣ እያወቅሁ፣ ልጄን ለሐሳቤ ማስረጃ አድርጌ ላቀርባት አልቻልሁም። ይህን በኩራት አልናገረውም፤ እንደ ማመካኛም አላቀርበውም። የባንኩ ኃላፊ ያን ጊዜ ልጃቸውን ሲወስዱ ያደረጉትን እኔም አድርጌአለሁ፤ የታመመ ሳንባ የነበረበት ልጅ አባት ናቸውና ልፈርድባቸው አልችልም።

ሆኖም እርሳቸው ሲሄዱ ሁለት ነገር ይዘው ነው የሄዱት። አንደኛው ልጃቸው ነው፤ እርሱስ የራሳቸው ነው። ሁለተኛው በስብሰባው ላይ ይቀመጡባት የነበረችው ወንበር ናት። ወንበሯን ግን መውሰድ አልነበረባቸውም፤ ማንም አልጠየቃቸውም እንጂ ትተዋት መሄድ ይችሉ ነበር። እኔም ስለ ልጄ መልስ ሳላገኝ ስለ ወንበሯ ግን መልስ ያገኘሁ ይመስለኛል።

ደብተሩን እናቁም ወይ ተብዬ ከተጠየቅሁ፣ አናቁም እላለሁ። ልጅ አዲስ ደብተር ሲገልጥ የሚሸተውን ሽታ የማያውቅ ሰው ካለ ይሞክረው። ደግሞም በበዓል ቀን ባዶ እጅን ሰው ቤት መሄድ በእኛ ባህል ነውር ነው። ነገር ግን ሰጥቶ መሄድና ሰጥቶ መቀመጥ አንድ አይደሉም። እናቴ ከኋላ ወንበር ተቀምጣ አሜን ስትል የነበረችው ድፍረት አንሷት አልነበረም፤ ቤታችን ውስጥ ድፍረቷን ሁላችን እንፈራው ነበር። ከአጠገቧ ተቀምጦ «እመቤቴ፣ ይህ ቁጥር ልክ አይደለም፤ ይጠይቁ» የሚላት ሰው ስላልነበረ ነው። እኒያ የባንክ ኃላፊ አንድ ዓመት ብቻ ከአጠገቧ ተቀምጠው ቢሆን ኖሮ፣ እርሳቸው ከሄዱ በኋላም መስኮቱ በካርቶን አይሸፈንም ነበር ብዬ አምናለሁ።

ትምህርት ቤቱ ከባለፈው መስከረም ጀምሮ እኔንና ባልደረባዬን ያለ ድምፅ በወላጅ፣ በተማሪና በመምህር ኅብረቱ ስብሰባ ላይ እንድንገኝ ፈቅዶልናል። እስካሁን ሁለት ጊዜ ተገኝተናል። በመጀመሪያው ቀን ወላጆቹ እኛ ስንገባ ተነሡ፤ በሁለተኛው ቀን አልተነሡም፤ ይህን እንደ ትልቅ ዕድገት ቆጥሬዋለሁ። በዚያው ቀን አንዲት እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ እናት ስለ ውኃ ማጠራቀሚያው ጥያቄ ጠየቁ፤ ጥያቄው እኔ ካሰብሁት የተሻለ ነበር። ታንከሩ ለምን ከጣሪያው በላይ አልተሰቀለም፣ መብራት ሲጠፋ ፓምፑ እንደማይሠራ አታውቁምን? አሉ። ባልደረባዬ ማስታወሻ ያዘ።

የሚቀጥለው ስብሰባ ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ ጥር 17 ቀን ቅዳሜ ጠዋት በ3 ሰዓት ነው። ትምህርት ቤቱ ከዚህ አዳራሽ በእግር ዐሥር ደቂቃ አይሞላም፤ መኪና ማቆሚያ ስለሌለው በእግር መምጣት ይሻላል፤ በሩ ላይም መታወቂያ ይጠየቃል። የቀኑ አጀንዳ የቤተ ሙከራው ጣሪያ ነው፤ ያፈስሳል። አዲስ ይገባል የተባለው ቆርቆሮ ስንት ጌጅ እንደሆነ በሰነዱ ላይ አልተጻፈም፤ የእንጨቱን ሁኔታም ወጥቶ ያየ ሰው የለም። መሰላሉን የግቢው ዘበኛ አዘጋጅተው ይጠብቁናል።